በጎረቤት መጽሐፍ ያደጉት መሪ

አብርሃም ሊንከን ስማቸው በተነሳ ቁጥር የሚታወሱት የአሜሪካን የእርስ በርስ ጦርነት በመምራታቸውና የባርነት ሥርዓት በሀገራቸው እንዲያከትም በማድረጋቸው ነው። ከዚህ ታላቅ ታሪክ በስተጀርባ ያለው የወጣትነት ዘመናቸው ግን በአብዛኛው በጎረቤቶቻቸው ደጃፍ ያለፈ ነው። 16ኛው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት በትምህርት ቤት ያሳለፉት ጊዜ ተደምሮ አንድ ዓመት አይሞላም። ሰዋስው የተማሩበት መጽሐፍም ሆነ ለጠበቃነት ያበቋቸው የሕግ መጻሕፍት ከሌላ ሰው እጅ የመጡ ነበሩ። በዕዳ ተይዘው ፈረሳቸውና የሥራ መሣሪያቸው በሐራጅ በተሸጠ ጊዜ ገዝተው የመለሱላቸውም አንድ የአካባቢው ገበሬ ናቸው።

ሊንከን እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 12 ቀን 1809 በኬንታኪ ግዛት፣ ከግንድ በተሠራች ባለ አንድ ክፍል ጎጆ ውስጥ ተወለዱ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አባታቸው ቶማስ ሊንከን ገበሬና አናጢ ሲሆኑ፣ ከስማቸው በቀር መጻፍ የሚችሉ አልነበሩም። ቤተሰቡ በይዞታ ክርክር መሬቱን ለማጣት በመቃረቡና በከፊልም የባርነት ሥርዓትን ባለመውደዱ በ1816 መጨረሻ የኦሃዮን ወንዝ ተሻግሮ በኢንዲያና ጫካ ውስጥ ሰፈረ።

በዚያ ጫካ ሰው ያለ ጎረቤት የሚኖርበት መንገድ አልነበረም። ጎጆ የሚቆመው በደቦ ነው፤ በቆሎ የሚፈለፈለው በደቦ ነው፤ ሐኪም በሌለበት ሀገር የታመመ የሚታመመውም በጎረቤት እጅ ነው። በ1818 መጸው መርዛማ ተክል የበሉ ላሞችን ወተት በመጠጣት የሚመጣ ክፉ በሽታ ወደ ሠፈሩ ገባ። የሊንከን እናት ናንሲ ሃንክስ በሽታው የያዛቸውን ዘመዶቻቸውንና ጎረቤቶቻቸውን ሲያስታምሙ ከቆዩ በኋላ እርሳቸውም በዚያው በሽታ አረፉ። ልጃቸው ያን ጊዜ የ9 ዓመት ሕፃን ነበሩ።

አባትየው በቀጣዩ ዓመት ሳራ ቡሽ ጆንስተን የተባሉ፣ ባላቸው የሞቱባቸውንና ሦስት ልጆች ያሏቸውን ሴት አገቡ። ሳራ ከቤት ዕቃቸው ጋር ጥቂት መጻሕፍት ይዘው ነበር የመጡት። እርሳቸው ራሳቸው ማንበብ አይችሉም፤ ሆኖም የእንጀራ ልጃቸው መጽሐፍ ሲይዝ እንዳይረበሽ ይከላከሉለት ነበር። ይህ በዚያ ዘመን ቀላል ነገር አይደለም። ልጅ ጉልበት ነው፤ አባትየው ልጃቸውን ለጎረቤት እያከራዩ የቀን ሥራ ያሠሩና ክፍያውን ይቀበሉ ነበር። ከጎረቤቶቹም መካከል መጽሐፍ ይዞ በዛፍ ሥር የሚቀመጠውን ረጅም ልጅ ሰነፍ ነው ብለው የፈረጁት አልጠፉም።

በቤት ያሉት መጻሕፍት ተነብበው ሲያልቁ ሊንከን የጎረቤት በር ማንኳኳት ጀመሩ። ዴቪድ ተርንሃም የተባሉ የአካባቢው የጸጥታ ሹም ለሥራቸው የሚገለገሉበት የኢንዲያና ግዛት የሕግ መጽሐፍ ነበራቸው። የአሜሪካ የነጻነት አዋጅና የሀገሪቱ ሕገ መንግሥት የታተሙት በዚሁ መጽሐፍ ውስጥ ነው። የባርነት ሥርዓት በኦሃዮ ወንዝ ሰሜን እንዳይስፋፋ የከለከለው የ1787 ድንጋጌም እንዲሁ። ሹሙ መጽሐፉ በየዕለቱ ስለሚያስፈልጋቸው ከቤት እንዲወጣ አልፈቀዱም። ወጣቱ ግን እየመጡ እዚያው ተቀምጠው እንዲያነቡ ፈቀዱላቸው። በኋላ ዘመን በሊንከን ንግግሮች ውስጥ ደጋግመው የሚመጡትን ሰነዶች ሊንከን በአንድ ላይ ተጠርዘው ያነበቧቸው በአንድ ዝቅተኛ ሹም ቤት ነበር ማለት ነው።

ጎረቤትነት ሁልጊዜ ማር ብቻ አልነበረም። ጆሳያ ክሮፎርድ ከተባሉ ገበሬ ሊንከን የጆርጅ ዋሽንግተንን የሕይወት ታሪክ ተውሰው ነበር። መጽሐፉን ሌሊት በግንዶቹ መካከል ባለ ስንጥቅ አኑረውት ሲተኙ ዝናብ ገብቶ አረጠበው። ሊንከን የተበላሸውን መጽሐፍ ይዘው ሄደው የሆነውን ተናገሩ፤ የሚከፍሉት ገንዘብ ስላልነበራቸውም ለከብት መኖ የሚሆን የበቆሎ ቅጠል በመሸልቀቅ በጉልበታቸው እንዲከፍሉ ተስማሙ። አብዛኞቹ የታሪክ ጸሐፍት ሥራው ሦስት ቀን እንደፈጀ ይገልጻሉ። የረጠበው መጽሐፍ በዚህ ሁኔታ የሊንከን የግል ንብረት ሆነ። ክፍያው የበዛባቸው ሊንከን ግን ቂማቸውን በቀላሉ አልተዉም፤ በገበሬው ትልቅ አፍንጫ ላይ የሚያላግጡ ስንኞች ገጥመው በሠፈሩ ማዛመታቸውን የዚያ ዘመን ሰዎች አስታውሰዋል። ያም ሆኖ መጽሐፉ ከልባቸው አልወጣም። በ1861 ለፕሬዚዳንትነት ተመርጠው ወደ ዋሽንግተን ሲጓዙ በኒው ጀርሲ ምክር ቤት ባደረጉት ንግግር በልጅነታቸው ይህን መጽሐፍ ማንበባቸውን አንስተዋል።

ቤተሰቡ በ1830 ወደ ኢሊኖይ ግዛት ተሻገረ። በቀጣዩ ዓመት የ22 ዓመቱ ሊንከን ከአባታቸው ቤት ወጥተው በሳንጋሞን ወንዝ ዳር በምትገኝ ኒው ሳሌም በምትባል መንደር ብቻቸውን ኑሮ ጀመሩ። ኒው ሳሌም ከሁለት ዓመት በፊት የተቆረቆረች፣ ወፍጮ ቤት፣ ጥቂት ሱቆችና ሁለት ደርዘን ያህል ቤቶች ያሏት አነስተኛ ሠፈር ነበረች። ሊንከን በሱቅ ሻጭነት ተቀጠሩ። ዘመድ የላቸውም፤ ሀብትም የላቸውም።

በዚህች መንደር የተማሩት ግን በአንዳንድ ኮሌጅ ከሚገኘው የሚያንስ አልነበረም። የአካባቢው መምህር ሜንተር ግራሃም በአደባባይ ለመናገር የሚሻ ሰው ሰዋስው ማወቅ እንዳለበት ሲመክሯቸው፣ ሊንከን መጽሐፉ የት እንደሚገኝ ጠየቁ። ወደ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ የሚኖር አንድ ገበሬ ዘንድ አለ ተባሉ፤ በእግራቸው ሄደው አመጡት። መጽሐፉ የሳሙኤል ኪርክሃም የእንግሊዝኛ ሰዋስው ነበር። ያልገባቸውን መምህሩ ያስረዷቸዋል፤ በሱቁ የሚሠራ ወጣት ባልደረባቸው ደግሞ መጽሐፉን ይዞ ጥያቄ እያነሳ ያስጠናቸዋል። በሰዋስው ብቻ አልተወሰኑም። ጃክ ኬልሶ የሚባሉ፣ ከሥራ ይልቅ ዓሣ ማጥመድ የሚወዱ የመንደሩ ነዋሪ የሼክስፒርንና የስኮትላንዳዊውን ገጣሚ የሮበርት በርንስን ሥራዎች በቃላቸው የሚያውቁ ነበሩ። መንደርተኛው ሥራ ፈት የሚላቸው እኚህ ሰው በወንዙ ዳር ለሊንከን ያካፈሉት የግጥም ፍቅር እስከ ዕድሜያቸው ፍጻሜ አብሯቸው ዘልቋል።

ሌሊት ለማንበብ ብርሃን ያስፈልጋል፤ ሻማ ደግሞ ገንዘብ ነው። ሄንሪ ኦንስቶት የተባሉ በርሜል ሠሪ ማታ ሥራቸውን ሲጨርሱ ሱቃቸውን ለሊንከን ክፍት ያደርጉላቸው ነበር። ሊንከን ከዕለቱ ሥራ የተራረፈውን የእንጨት ፍቅፋቂ እሳት ውስጥ እየጨመሩ በነበልባሉ ብርሃን ያነባሉ። ለበርሜል ሠሪው ፍቅፋቂው ከመጣል በቀር ሌላ ዋጋ አልነበረውም።

ሊንከን በ1832 ለግዛቱ ምክር ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ ተወዳድረው ተሸነፉ። በአጠቃላይ ውጤቱ ከ13 ዕጩዎች 8ኛ ነበሩ። በሚኖሩበት የኒው ሳሌም ምርጫ ጣቢያ ግን ድምፅ ከሰጡት 300 ሰዎች 277ቱ የመረጡት እርሳቸውን ነው። የሚያውቋቸው ሰዎች ሁሉ ከጎናቸው ነበሩ ማለት ይቻላል።

ከምርጫው በኋላ ዊሊያም ቤሪ ከተባለ ሰው ጋር በዱቤ የከፈቱት ሱቅ ከሰረ። ቤሪ በ1835 ሲሞት የሁለቱም ዕዳ በሊንከን ትከሻ ላይ ወደቀ። መጠኑ 1 ሺህ 100 ዶላር ያህል ሲሆን፣ ለዚያ ዘመን ወጣት ከባድ ሸክም ነበር። በዚያ አካባቢ የከሰረ ነጋዴ ሌሊት ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ሌላ ግዛት መጥፋቱ የተለመደ ነው። ሊንከን አልጠፉም፤ ዕዳውን ለመክፈል ግን በርካታ ዓመታት ፈጅቶባቸዋል።

እንዲህ ባለው ችግር ውስጥ ሳሉ በሜይ 1833 የኒው ሳሌም ፖስታ ቤት ኃላፊ ሆነው ተሾሙ። ክፍያው አነስተኛ ነበር። ሹመቱ ግን ለሊንከን አንድ ትልቅ ጥቅም ነበረው፤ ለነዋሪዎች የሚመጡት ጋዜጦች ባለቤቶቻቸው እስኪወስዷቸው ድረስ በእጃቸው ይቆያሉ፤ እርሳቸውም ያነቧቸዋል። የማያነቡ ነዋሪዎች ሲመጡ ጮክ ብለው ያነቡላቸዋል። ወደ ፖስታ ቤቱ መምጣት ለማይችሉ ሰዎች የመጣውን ደብዳቤ በባርኔጣቸው ውስጥ ይዘው ቤታቸው ድረስ ያደርሱ ነበር።

በዚያን ጊዜ የፖስታ ዋጋ የሚከፍለው ብዙውን ጊዜ ላኪው ሳይሆን ተቀባዩ ነው። የጋዜጣ ክፍያ ደግሞ አስቀድሞ መከፈል እንዳለበት ሕጉ ያዝዝ ነበር። ሊንከን ይህን ሕግ በጥብቅ አልተከተሉም። አንድ የአካባቢው ነዋሪ የጋዜጣውን ዋጋ ሳይከፍል አንድ ዓመት ሙሉ ታግሰውታል። ሰውየው በመጨረሻ ገንዘቡን ልኮ ደረሰኝ በጠየቀ ጊዜ ግን ሊንከን ተቀየሙ፤ ደረሰኙን ከላኩ በኋላ ያን ያህል ጊዜ ታግሰው ሳለ እንደገና ያስከፍሉኛል ተብሎ መጠርጠሩ ስሜታቸውን እንደጎዳው የሚገልጽ ማስታወሻ አክለው ጽፈዋል። ደረሰኝ መጠየቅ የዜጋ መብት ነውና ከዛሬ የመንግሥት ሠራተኛ አንጻር ሲታይ ጥፋቱ የደንበኛው አይመስልም። ቢሮውን ክፍት ትተው እንደሚወጡና ሰው የራሱን ደብዳቤ ራሱ ፈልጎ እንደሚወስድ የሚያማርር ደብዳቤ የጻፈም ነበር። አስገራሚው ነገር ይኸው ደብዳቤ ራሱ ያለ ክፍያ የተላከው ሊንከን በነጻ እንዲያልፍ ፈርመውበት መሆኑ ነው። ደንቡ ኃላፊው የራሱን ደብዳቤ በነጻ እንዲልክ ይፈቅዳል፤ የጎረቤቱን ግን አይፈቅድም።

በገንዘብ ረገድ የነበራቸው ጥንቃቄ ከዚህ የተለየ ነበር። ፖስታ ቤቱ በ1836 ከተዘጋ በኋላ የመንግሥት ተወካይ ቀሪ ሂሳብ ለመረከብ ሊንከን ወደ ተዛወሩበት ከተማ መጡ። ሊንከን ያን ጊዜ በችግር ላይ ስለነበሩ አንድ ወዳጃቸው ገንዘብ ሊያበድሯቸው ተዘጋጅተው እንደነበር ይነገራል። ሊንከን ግን ከሳጥናቸው አንድ አሮጌ ካልሲ አውጥተው ፈቱት። ነዋሪዎቹ የከፈሉት የብርና የመዳብ ሳንቲም እንደነበረ በውስጡ ተቋጥሮ ነበር፤ ሲቆጠርም ከሂሳቡ ጋር ልክ ሆኖ ተገኘ።

ከፖስታ ቤቱ ሥራ ጎን ለጎን ሊንከን በምክትል መሬት ቀያሽነት ተቀጥረው ነበር። ስለ ቅየሳ የሚያውቁት ነገር ስላልነበረ መጻሕፍት ፈልገው በመምህሩ ግራሃም እየታገዙ ሌሊቱን ሲያጠኑ ሰነበቱ። ኮምፓስና ሰንሰለት፣ ፈረስና ኮርቻም በዱቤ ገዙ። ኑሯቸው መስመር መያዝ ሲጀምር ግን ከአበዳሪዎቻቸው አንዱ ፍርድ ቤት አቅርበው አስፈረዱባቸው። ፈረሱ፣ ኮርቻው፣ ልጓሙና የቅየሳ መሣሪያው ለሐራጅ ቀረቡ። እነዚህ ከሌሉ ሥራ የለም፤ ሥራ ከሌለ ዕዳው አይከፈልም፤ ዕዳ ያልከፈለ ሰው ደግሞ በመንደሩ መቆየት አይችልም። ሊንከን ተስፋ ቆርጠው በሐራጁ ቦታ እንኳ አልተገኙም ይባላል።

ጄምስ ሾርት የተባሉ ገበሬ ግን ተገኝተዋል። ሾርት ዋጋ ጨምረው ዕቃውን በሙሉ ገዙና ለሊንከን መለሱላቸው። ሊንከን ገንዘቡን በጊዜ ሂደት ከፈሉ፤ ውለታውን ግን እንደተከፈለ አልቆጠሩትም። ከ25 ዓመታት በላይ ካለፉ በኋላ፣ ሊንከን ፕሬዚዳንት ሆነው ሳለ ሾርት ወደ ካሊፎርኒያ ሄደው በችግር ላይ መሆናቸውን ሰሙ፤ በራውንድ ቫሊ የሚገኘውን የነባር ሕዝቦች ክልል እንዲያስተዳድሩ ሾሟቸው። በዘመኑ የመንግሥት ሹመት በትውውቅ መሰጠቱ የተለመደ አሠራር ነበር። አሠራሩ ዛሬ በሚሠራበት የብቃት መመዘኛ ሲታይ ጥያቄ ማስነሳቱ የማይቀር ቢሆንም፣ ሊንከን ከፈረሱ ጋር የተመለሰላቸው ምን እንደነበር ያውቁ ነበር።

ወደ ሕግ ሙያ የገቡትም በዚሁ መንገድ ነው። የመንደሩ አጥቢያ ዳኛ ቦውሊንግ ግሪን መጻሕፍቶቻቸውን ያነቡ ዘንድ ፈቀዱላቸው፤ በትናንሽ ጉዳዮችም በችሎታቸው እየቀረቡ እንዲከራከሩ ዕድል ሰጧቸው። ሊንከን በ1834 ለምክር ቤቱ ሲመረጡ፣ በ1832 ዘመቻ የተዋወቋቸው ጠበቃ ጆን ቶድ ስቱዋርት ሕግ እንዲያጠኑ አበረታተው መጻሕፍት አዋሷቸው። ስቱዋርት የሚኖሩት በስፕሪንግፊልድ ከተማ ሲሆን፣ ከኒው ሳሌም 32 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ሊንከን አንዱን መጽሐፍ መልሰው ሌላውን ለመውሰድ ይህን መንገድ ይመላለሱ ነበር፤ በእግራቸው እየሄዱ ሲያነቡ ያዩዋቸው ሰዎች በርካታ ናቸው። በ1836 የጠበቃነት ፈቃድ አገኙ።

ከዓመታት በኋላ፣ በ1855፣ አንድ ወጣት ከእርሳቸው ዘንድ ሕግ ለመማር ጠይቆ ጽፎላቸው ነበር። ሊንከን ከቤታቸው ብዙ ጊዜ ስለሚርቁ ሊያስተምሩት እንደማይችሉ ገልጸው፣ መጻሕፍቱን አግኝቶ በራሱ እንዲያነብ መከሩት። ከተማ አለመኖሩ እንዳያሳስበውም ነገሩት፤ እርሳቸው ያነበቡት 300 ሰው እንኳ ኖሮባት በማያውቅ በኒው ሳሌም እንደነበርና መጽሐፉም ሆነ የመረዳት ችሎታ በየትኛውም ቦታ አንድ መሆኑን አስረዱት።

ኤፕሪል 15 ቀን 1837 ሊንከን በተዋሱት ፈረስ ተጭነው ስፕሪንግፊልድ ገቡ። በኮርቻቸው ከረጢት የነበረው ሁለት ሦስት የሕግ መጽሐፍና ጥቂት ልብስ ነው። ጆሹዋ ስፒድ ወደተባሉ ባለ ሱቅ ገብተው የአልጋና የምንጣፍ ዋጋ ጠየቁ፤ 17 ዶላር ተባሉ። እስከ ገና በዱቤ እንዲሰጧቸው፣ በጥብቅና ሥራው ካልተሳካላቸው ግን ምናልባት ጨርሶ ላይከፍሉ እንደሚችሉ ሳይደብቁ ተናገሩ። ስፒድ በፊታቸው ላይ ያዩት ሐዘን አሳዘናቸው፤ ከሱቁ በላይ ባለው ክፍል ሰፊ አልጋ እንዳላቸውና ያለ ክፍያ ሊጋሩ እንደሚችሉ ነገሯቸው። ሊንከን ከረጢታቸውን ይዘው ወጡ፤ ባዶ እጃቸውን ፈገግ ብለው ተመለሱ። ከሦስት ዓመታት በላይ እዚያ ኖረዋል። ምግባቸውን ደግሞ ዊሊያም በትለር በተባሉ ሰው ቤት ያለ ክፍያ ይመገቡ ነበር። ማታ ማታ በስፒድ ሱቅ የእሳት ምድጃ ዙሪያ የከተማው ወጣቶች ተሰብስበው ስለ ፖለቲካና ስላነበቧቸው መጻሕፍት ይከራከሩ እንደነበር ተጽፏል። ስፒድ የመጡት ባሪያዎች ከነበሩት የኬንታኪ ቤተሰብ ነው፤ ሁለቱ ወዳጆች በዚህ ጉዳይ በ1855 በደብዳቤ በግልጽ ተለያይተዋል፤ ወዳጅነታቸው ግን አልተቋረጠም።

ሊንከን ትዳር ይዘው፣ ዊሊያም ሄርንደን ከተባሉ መጻሕፍት አፍቃሪ ጠበቃ ጋር ቢሮ ከፍተው፣ ለአንድ ዘመን የሀገሪቱ ምክር ቤት አባል ሆነው ከሠሩ በኋላ የኒው ሳሌም ውለታ በድንገት በራቸውን አንኳኳ። በመንደሩ ሳሉ ሃና አርምስትሮንግ የተባሉ እናት ያበሏቸውና በእሾህ የተቦጫጨቀ ሱሪያቸውን በአጋዘን ቆዳ ይጥፉላቸው ነበር። ሊንከንም በተራቸው የቤቱን ሕፃን ያባብላሉ። የሃና ልጅ ዊሊያም፣ በቅጽል ስሙ ደፍ፣ በኦገስት 1857 በተፈጸመ የነፍስ ግድያ ተከሰሰ። ባለቤታቸው በሞት የተለዩአቸው እናት የሚከፍሉት ገንዘብ አልነበራቸውም። ከደፍ ጋር የተጠረጠረው ሌላ ሰው ቀድሞ ተፈርዶበት ወደ ወህኒ ወርዷል።

ሊንከን ያን ጊዜ በግዛቱ ከታወቁት ጠበቆች አንዱ ነበሩ። ለሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ለመወዳደርም ይዘጋጁ ነበር። ጉዳዩን ያለ ክፍያ ያዙ። ሜይ 7 ቀን 1858 በቢርድስታውን ከተማ በዋለው ችሎት ዋናው የዓቃቤ ሕግ ምስክር ደፍ ሲመታ በግልጽ ማየቱን ተናገረ። ሰዓቱ ከሌሊቱ 5 ሰዓት ገደማ ነው። ሊንከን በጨለማ እንዴት እንዳየ ጠየቁት፤ ጨረቃ ከፍ ብላ ታበራ እንደነበር መለሰ። ሊንከን ይህንኑ ደጋግመው እንዲያረጋግጥ ካደረጉት በኋላ የ1857ን የዘመን መቁጠሪያ መጽሐፍ ለችሎቱ አቀረቡ። የፀሐይና የጨረቃ መውጫና መግቢያ ሰዓት ከታተመበት ከዚህ መጽሐፍ እንደታየው ጨረቃዋ በዚያ ሰዓት ወደ አድማስ ዝቅ ብላ ለመጥለቅ የአንድ ሰዓት ያህል ዕድሜ ብቻ ነበራት። የሕዝብ ዳኞቹ ደፍን ነጻ አሉት። እናትየው ምን እንደሚከፍሉ ሲጠይቁ ሊንከን ምንም እንደማይቀበሉ ነገሯቸው። በጦርነቱ ጊዜም ሃና የታመመ ልጃቸው ከሠራዊቱ እንዲሰናበት በጠየቁ ጊዜ ፕሬዚዳንቱ በ1863 ፈቅደውላቸዋል።

በኖቬምበር 1860 ሊንከን ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ። ከስፕሪንግፊልድ ከመነሳታቸው በፊት በስተርጅና ላይ የነበሩትን የእንጀራ እናታቸውን ሄደው ተሰናበቱ። ፊዶ የተባለውን የቤታቸውን ውሻ ለጎረቤት ልጆች አደራ ሰጡ፤ ብቻውን እንዳይታሰርና በጭቃ እግሩ ቤት ቢገባ እንዳይቆጡት አሳስበዋል ይባላል። ፌብሩዋሪ 11 ቀን 1861 ጠዋት በዝናብ ውስጥ በባቡር ጣቢያው የተሰበሰበው ሕዝብም በአብዛኛው የጎረቤቶቻቸው ስብስብ ነበር። ለዚህች ከተማና ለነዋሪዎቿ ደግነት ሁሉ ባለ ዕዳ መሆናቸውን ተናግረው ተለዩአቸው። በሕይወት አልተመለሱባትም።

በዋሽንግተን የጠበቃቸው ጦርነት ነው። ወታደራዊ ትምህርት ያልነበራቸው ፕሬዚዳንት እንደ ልማዳቸው መጽሐፍ ተዋሱ፤ በጃንዋሪ 1862 ከአሜሪካ ምክር ቤት ቤተ መጻሕፍት የጄኔራል ሄንሪ ሃሌክን የጦር ሳይንስ መጽሐፍ ማውጣታቸው በመዝገብ ይገኛል። ጃንዋሪ 1 ቀን 1863 በአመጹት ግዛቶች የሚገኙ ባሪያዎች ነጻ መሆናቸውን የሚያውጀውን ሰነድ ፈረሙ።

በዚያው ዓመት መጨረሻ ከስፕሪንግፊልድ አንድ ደብዳቤ ደረሳቸው። ጸሐፊው ትውልዳቸው ከሃይቲ የሆነ ጥቁር ፀጉር አስተካካይ ዊሊያም ፍሎርቪል ናቸው። ሰውየው ከ30 ዓመታት በፊት ገንዘብ አልቆባቸው በኒው ሳሌም ሲያልፉ ሊንከን ወደ መንደሩ ማረፊያ ቤት ወስደው ደንበኞች አገኙላቸው፤ ባንድ ምሽት ጢም ላጭተው ለመንገዳቸው የሚሆን ገንዘብ ይዘው ሄዱ። በኋላም በስፕሪንግፊልድ የሊንከን ፀጉር አስተካካይ ሆኑ፤ ሊንከን ደግሞ የንብረታቸውን ጉዳይ በጠበቃነት ይከታተሉላቸው ነበር። ፍሎርቪል በደብዳቤያቸው ስለ ነጻነት አዋጁ ካመሰገኑ በኋላ የሠፈሩን ወሬ ጻፉ። የሊንከን መኖሪያ ቤት በተከራዮቹ በጥሩ ሁኔታ መያዙንና ፊዶም ደህና መሆኑን አልረሱም።

ሊንከን ኤፕሪል 14 ቀን 1865 ምሽት በፎርድ ቴአትር በጥይት ተመቱ። ከመንገዱ ማዶ ወዳለ የኪራይ ቤት ተወስደው፣ ለቁመታቸው ባጠረ የአንድ ተከራይ አልጋ ላይ አግድም ተጋድመው በማግሥቱ ጠዋት አረፉ። ሜይ 4 ቀን በስፕሪንግፊልድ ተቀበሩ።

ኒው ሳሌም ከእርሳቸው ቀድማ ነበር የጠፋችው። ሊንከን ከለቀቋት ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነዋሪዎቿ ወደ ጎረቤት ከተማ ፒተርስበርግ ተዛውረው መንደሪቱ ባድማ ሆነች። ዛሬ በቦታው የሚታዩት የግንድ ቤቶች በአብዛኛው በ1930ዎቹ እንደገና የተሠሩ ናቸው። ከጥንቶቹ መካከል ተርፎ በ1922 ወደ ቀድሞ ቦታው የተመለሰው የበርሜል ሠሪው የኦንስቶት ሱቅ ነው። በእግር ሄደው ያመጡት የሰዋስው መጽሐፍ ደግሞ በዋሽንግተን፣ ሊንከን የጦር መጽሐፍ በተዋሱበት በዚያው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ተቀምጧል።